ጫካ ገባ የተባለው

ነጋ ወደ ደኑ ሲሄድ ላንድሮቨሩ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ሲመለስ ከኋላ በሸራ ተጠቅልሎ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ሻምበል ባሻ ሀብተሥላሴ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። ሻምበል ባሻ ጡረታ የደረሱ የፖሊስ መርማሪ ናቸው። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ቃል አያባክኑም። በንጉሡ ዘመን ያገኙት ማዕረግ ላይ ደርግ አልጨመረበትም፤ አልቀነሰበትምም። የልደታ ሰው «ሻምበል ባሻ ካየህ አለቀልህ» ይል ነበር፤ ሲያዩ አይቸኩሉምና።

የቀበሌው ሊቀመንበር ፍሰሐ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቃቸው።

«የጠራንዎት ለወጉ ነው» አለ። «ነገሩ አልቋል። ነጋን የገደለችው ሠርካዲስ ናት። ከገደል ገፍታ ጣለችው። ጓዳው ውስጥ ታስራለች። ነገ ከሰዓት በኋላ ጓድ ገብረየሱስ ከከፍተኛው መጥቶ ይወስዳታል።»

ከፍተኛው የቀበሌዎቹ የበላይ ነው።

«ወዴት ነው የሚወስዳት?»

«ይወስዳታል አልኩ እንጂ ወዴት አልኩ?»

በዚያ ዘመን ለተወሰደ ሰው የተላከ ስንቅ ይመለሳል፤ ሰውየው ግን አይመለስም።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«የኅብረት ሱቁ ኮሚቴ ጥሩ ሠራ ተብሎ ለሽርሽር ወጣን። ጋራ ጉሬ ወደሚባለው ጥብቅ ደን። እኔ፣ የጥበቃ ኃላፊው ነጋ፣ ከሱቅ ሠርካዲስና ዙሃራ። በድሉ ነው የነዳው። መንገዱ አንድ ትልቅ ዝግባ ጋ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ምንጩ፣ ሌላው ወደ ገደሉ። ዝግባው ሥር ምሳ በላን። ነጋ ሠርካዲስን ይዞ በገደሉ መንገድ ሄደ። እሷ ብቻዋን ተመለሰች። ጠበቅን፣ ተጣራን፣ የደኑ ጥበቃ ኢታና ፈለገው። ከገደሉ ሥር አገኘው። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ምንጩ ጋ። እግሬን ልታጠብ ወርጄ።»

«ለምን ትገድለዋለች?»

«ልጇ ጫካ ገብቷል፣ አባባ። ነጋ ነበር ያሰረው። ካመለጠ በኋላም ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ልጄን የት አደረስከው› እያለች ስትከተለው ኖራለች።» ፍሰሐ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። አስከሬኑ ሳይገኝ፣ ነጋ ጠፋ ሳይባል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት። መሞቱን ማን ነገራት?»

ሻምበል ባሻ ቀና አሉ።

«የት ሆነው አዩዋት?»

ፍሰሐ ትንሽ ዘገየ። «ዝግባው ሥር ነዋ! ከገደሉ ስትመለስ።»

«ዙሃራስ አይታታለች?»

«ዙሃራ ጦጣ ስታባርር ነበር፤ ምን ታያለች!» ብሎ ሳቀ። «ያንን ኢታናንም አይርሱት። ደኑ ጥብቅ ይባላል፣ ውሻ ይፈነጭበታል። ምንጩ ጋ ሆኜ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ውሻ ካለ አዳኝ አለ። እሱም ይጠየቅበታል።»

«እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ ጊዜ አለኝ ማለት ነው» አሉና ሻምበል ባሻ ተነሡ።

«ሪፖርት ለመጻፍ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።»

«የሚጻፈው ከታየ በኋላ ነው።»

ጓዳው የኅብረት ሱቁ ባዶ ጆንያ ማስቀመጫ ነው። ወይዘሮ ሠርካዲስ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። አጭርና ደቃቃ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀውታል። በሩን የከፈተው ጥበቃ «አስተካክይ ብንላት እምቢ አለች» ብሎ ወጣ።

«ለማን ነው ያዘቀዘቁት?» አሉ ሻምበል ባሻ።

«ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሞተ ነው።»

«ለነጋ?»

ወይዘሮ ሠርካዲስ መሬቱን እያዩ ፈገግ አሉ፤ ደስ የሚል ፈገግታ አልነበረም። «ለነጋ ሚስቱ ታዘቅዝቅለት።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ምያለሁ። በልደታ ማርያም ምያለሁ። እሱ ራሱ ለበላዮቹ እስኪናገር አፌን ልይዝ ነው የማልኩት። አሁን ያስማለኝ ሰው ሞቷል። መሐላው ግን አብሮት አልሞተም።»

«ነገ ይወስዱዎታል።»

«ይውሰዱኝ። ሁለት ዓመት ‹እንዳታለቅሺ› ተብዬ አላለቀስኩም። ከእንግዲህ ይህን ነጠላ የሚያስተካክል እጅ የለም። የራሴም ቢሆን።»

ሻምበል ባሻ «ገደሉ አካባቢ ሳሉ የሰሙት ነገር ነበር?» አሉ።

«ነበር። እንደ ውሻ ያለ። ከታች ከጥልቁ። ጮኸ ጮኸና ዝም አለ። ነጋን ጠበቅሁት፤ ሳይመጣ ሲቀር ተመለስኩ።»

ዙሃራ ጌጃ ሰፈር ናት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሻምበል ባሻ ሲገቡ ሲንጀሩን አቁሞ ወጣላቸው።

«ሽርሽር ተባለ እንጂ ምኑ ሽርሽር ነው፣ ሻምበል ባሻ!» አለች ዙሃራ። «መጀመሪያ ጎማ ፈነዳ። በድሉና የደኑ ጥበቃው ጎማ ሲቀይሩ የደኑ በር ላይ ቀሩ። አስከሬኑ እስኪፈለግ ድረስ አንድ ላይ ነበሩ። እኛ በእግራችን ወጣን። ምሳ ስንጨርስ ሁሉም በየፊናው ሄደ፤ እኔ ዕቃ ጠባቂ ሆንኩ። ጦጣው መጣና ዳቦዬን ከእጄ ነጠቀኝ። ዛፍ ላይ ወጥቶ እያየኝ በላው። ልክ እንደ ቀበሌ ሰው!» አፏን በእጇ ያዘች። «አልሰሙኝም አይደል?»

«ጆሮዬ ከብዷል። ደኑን ማን መረጠ?»

«ነጋ። ፍሰሐ ሶደሬ ይሁን ብሎ ነበር። ነጋ ግን ‹ደኑ ካልሆነ እኔ የለሁበትም› አለ። ወትሮ ፍሰሐን ተናግሮ አያውቅም። ፍሰሐ ፊቱ ጠቆረ። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም።»

«ወይዘሮ ሠርካዲስ ሲመለሱ ነጠላቸው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«አይተሻል?»

«ሴት የሴት ነጠላ ሳታይ ትቀራለች? ጥለቱ ታች ነበር። ዓይናቸው ነው የቀላው። ‹ምን ሆኑ?› ብላቸው ‹ጭስ ነው› አሉኝ። እሳት እኮ አላነደድንም።»

«ፍሰሐስ?»

«እሳቸው ከመጡ በኋላ መጣ። በምንጩ መንገድ።»

«ውሻ ሰምተሻል?»

«ኧረ እኔ ምንም ውሻ አልሰማሁ።»

ሻምበል ባሻ ኮፍያቸውን አነሡ። «ይህንኑ ነገ በሰው ፊት ትናገሪያለሽ?»

ዙሃራ ወደ በሩ አየች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጆች አሉኝ፣ ሻምበል ባሻ።»

«ወይዘሮ ሠርካዲስም ልጅ ነበራቸው።»

«ነበራቸው አሉ?»

ሻምበል ባሻ ኮፍያቸውን ደፉና ወጡ።

ከቀትር በኋላ በድሉ ወደ ደኑ በመኪና ወሰዳቸው። በድሉ ጠመንጃ ከመያዙ በፊት ታክሲ ላይ ረዳት የነበረ፣ ቀልደኛ የሚባል ወጣት ነው። ያን ዕለት ከልደታ እስከ ደኑ በር አንድ ቃል አልወጣውም። ደረሱና ሻምበል ባሻ ወረዱ። እሱ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ።

«አትወርድም?»

«ጎማውን ልይ ብዬ ነው።»

«ከመቀመጫህ ሆነህ?»

ሻምበል ባሻ አይተውት አለፉ።

ጥበቃው ኢታና መንገዱን መራ። ጽዱና ወይራው ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያውለበለቡ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለሉ። ሻምበል ባሻ ቆመው አዩአቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ወደ ደን ሲሸሽ አይተዋል፤ ለደስታ ሲገባበት ግን ያዩት ጥቂት ነው።

ከዝግባው በገደሉ መንገድ ወጡ። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ትልቅ ኮሶ አለ። ሻምበል ባሻ እዚያ ተንበረከኩ። ከኮሶው ሥር መሬቱ በሰው ቁመት ልክ ሰርጎዷል። ሣሩም ከዳር ካለው ሣር ይለያል፤ ይበልጥ ለምልሟል። ከፊቱ እርጥቡ አፈር ላይ የሁለት ጉልበት ምልክት አለ። ከጉልበቶቹ ፊት ለፊት ደግሞ የግንባር።

«ዛፍ የሚያመልክ መጣ እንዴ?» አለ ኢታና።

«የተሰገደው ለዛፍ አይደለም» አሉ ሻምበል ባሻ።

ከኮሶው ጀርባ ቁጥቋጦ አለ። ቁጥቋጦው ውስጥ የአውሬ መንገድ ያልፋል፤ ትኩስ የተሰበረ ቅርንጫፍ አለበት። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ቆይቷል፤ ሣሩ ተረግጦ ተኝቷል።

«ይህ መንገድ ወዴት ይወጣል?»

«ጉብታውን ተሻግሮ ወደ ምንጩ።»

ገደሉ አፍ ላይ፣ ከጠርዙ ወዲህ፣ ደም የደረቀበት ድንጋይ አገኙ። ከዚያ ሻምበል ባሻ ሌላ ድንጋይ በእግራቸው ገፍተው ወደ ጥልቁ ለቀቁት። እየተንከባለለ ወረደ። ከታች ከጫካው ውስጥ ሻካራ ጩኸት ተሰማ። «ዋው! ዋው!»

ሻምበል ባሻ አገር ቤት ነው ያደጉት፤ አወቁት። «ደኩላ» አሉ።

«አዎ፣ ደኩላ ነው። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ነው የሚውለው» አለ ኢታና።

«ውሻ ወደዚህ ይገባል?»

«ውሻ ከገባ እኔ እወጣለሁ። ሥራዬ እሱ ነው።»

ሻምበል ባሻ ወደ ምንጩ ወረዱ፤ ኢታና ከገደሉ ድንጋይ እንዲለቅ፣ እሱም ኃይሉን ሁሉ አውጥቶ እንዲጮህ ነገሩት። ምንጩ ከዓለት ላይ ይወርዳል፤ ገደሉና ምንጩ መሐል ጉብታው አለ። ቆሙ። ውሃ ብቻ ሰሙ። ኢታና እያለከለከ መጣ።

«ጮኸ?» አሉት።

«ምን መጮህ፣ አገሩን ቀወጠው! እኔም ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። አልሰሙም?»

«አልሰማሁም» አሉ ሻምበል ባሻ። ኢታና ስለ ምን ደስ እንዳላቸው አልገባውም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ጓድ ገብረየሱስ ከፊት ተቀመጠ፤ ካኪ የለበሰ ግዙፍ ሰው ነው። ፍሰሐ አጠገቡ ነው። ዙሃራ፣ በድሉና ኢታና አግዳሚው ላይ ናቸው። ወይዘሮ ሠርካዲስ መሐል ቆመዋል፤ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው።

«አጭር ይሁን፣ ሻምበል ባሻ» አለ ገብረየሱስ።

«አጭር ነው። ነጋ ከመውደቁ በፊት ተመትቷል፤ ደም ያለበት ድንጋይ ገደሉ አፍ ላይ አለ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ምቱ ከኋላ ሆኖ አናቱ ላይ ያረፈ ነው ብሏል። ነጋ ረጅም ነበር። ወይዘሮ ሠርካዲስ ትከሻው ላይ አይደርሱም።»

«ተቀምጦ ቢሆንስ?» አለ ፍሰሐ።

«ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህን እንተወው። የእርስዎን ማስረጃ እንያዝ። ነጠላው መዘቅዘቁን አይተዋል።»

«አይቻለሁ። አስከሬኑ ሳይገኝ።»

«ዝግባው ሥር?»

«ዝግባው ሥር።»

ሻምበል ባሻ ወደ አግዳሚው ዞሩ። «ዙሃራ።»

ዙሃራ አልተነሣችም። ፍሰሐ አያት። ከውጭ የልደታ ታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። ወይዘሮ ሠርካዲስ ዘወር ብለው «ይተዉአት፣ ልጆች አሏት» አሉ።

ያን ጊዜ ዙሃራ ተነሣች።

«ጥለቱ ታች ነበር» አለች። «ወደ ዝግባው ሲመጡ ነጠላቸው ደህና ነበር። እኔ ነበርኩ የተቀበልኳቸው። ጓድ ፍሰሐ ገና አልመጣም። ወላሂ እውነቴን ነው!»

«ትዋሻለች!» አለ ፍሰሐ።

«አትዋሽም፤ እርስዎም ስለ ነጠላው አልዋሹም» አሉ ሻምበል ባሻ። «ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። ወይዘሮ ሠርካዲስ ነጠላቸውን በእርግጥ አዘቅዝቀው ነበር፤ ግን ኮሶው ሥር ተንበርክከው ሳሉ። ሲነሡ ስለ መሐላቸው አስተካክለው መጡ። ዝግባው ሥር የተዘቀዘቀ ነጠላ ያየ ሰው የለም። ኮሶው ሥር ያየ ግን ገደሉ መንገድ ላይ ነበር። እርስዎ አይተዋል። ስለዚህ እዚያ ነበሩ።»

«ምንጩ ጋ ነበርኩ አልኩ እኮ!»

«ምንጩ ጋ ሆነው ምን ሰሙ?»

«ውሻ። ነግሬዎታለሁ።»

«ውሻ አይደለም። ከተማ ያደገ ሰው ይሳሳታል። ድንጋይ ወይም ሰው ወደ ጥልቁ ሲወድቅ ደንግጦ የሚጮኽ ደኩላ ነው። ወይዘሮ ሠርካዲስ ሰምተውታል፤ ገደሉ አጠገብ ነበሩ። ዙሃራ አልሰማችም፤ ዝግባው ሥር ነበረች። ምንጩ ጋ ቆሜ ኢታናን አስጮህኩት። የሱንም የደኩላውንም ድምፅ ውሃውና ጉብታው ዋጡት። ከምንጩ ተነሥቶ ጉብታውን የሚያቋርጥ የአውሬ መንገድ አለ፤ ከኮሶው ጀርባ ይወጣል። ሣሩ የተረገጠው እዚያ ነው። እርስዎ እዚያ ቆመው ነጋ ኮሶውን ለወይዘሮ ሠርካዲስ ሲያሳይ አዩ፤ ነጠላው ሲዘቀዘቅ አዩ። ነጋ እናትየዋን ከሐዘናቸው ጋር ትቶ ወደ ገደሉ አለፈ። እርስዎ ተከተሉት።»

ፍሰሐ ተነሣ። «ነጋ ጓዴ ነበር። ለምን እገድለዋለሁ?»

«ኮሶው ሥር ያለውን ስላሳየ። ለበላዮችዎም ሊናገር ስለ ነበር።» ሻምበል ባሻ ወደ ወይዘሮ ሠርካዲስ ዞሩ። «እርስዎ ምለዋል፤ አይናገሩ። እኔ አልማልኩም። ኮሶው ሥር ሰው ተቀብሯል። እናቱ ነጠላ ያዘቀዘቁለት፣ በግንባራቸው የሰገዱለት ሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ጫካ ገባ› ሲነገራቸው ኖሯል።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

ከአግዳሚው የመጣው ድምፅ የበድሉ ነበር።

«እኔ ነኝ የነዳሁት» አለ፤ ተነሥቶ ቆመ። «ልጁ ይፈታ ተብሎ ከከፍተኛው ትእዛዝ መጥቶ ነበር። ጓድ ፍሰሐ ግን ደብድቦት ነበር፤ ፊቱ አይታይም። ‹እንዲህ ሆኖ ከወጣ ሰው ያየዋል› አለ። ደኑ ውስጥ በጥይት መታው። ነጋና እኔ ቆፈርን። ስንመለስ ‹አምልጦ ጫካ ገባ› በሉ ተባልን። አልን።»

ፍሰሐ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። የገብረየሱስ እጅ ቀደመው።

«እንዲፈታ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ ገብረየሱስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አመለጠ ብለህ ዓይኔን እያየህ ነገርከኝ።» ሁለት ጥበቃዎች ጠርቶ ፍሰሐን ጓዳው ውስጥ አስገባው፤ ጆንያው ላይ። ከዚያ ላቡን ጠረገ።

«ጥሩ ሠርተዋል። ሪፖርቱ ላይ ግን ‹በግል ጠብ ገደለው› ይባል። መቃብሩ አይግባ።»

«አይሆንም» አሉ ሻምበል ባሻ።

«ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዝነቱን ሰምቻለሁ። ክሱ ግን አይቆምም። መቃብሩ ከሪፖርቱ ከወጣ ነጠላው ይወጣል። ነጠላው ከወጣ ፍሰሐ ምንጩ ጋ እግሩን ሲታጠብ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ጓዳው የሚመለሱት ወይዘሮ ሠርካዲስ ናቸው። ከፈለጉ ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የጻፍኩት ላይ መቃብሩ አለ።»

«ጡረታዎ ቀርቧል፣ ሻምበል ባሻ።»

«ለዚህ ነው የማልፈራው።»

ገብረየሱስ ፊቱን ወደ ወይዘሮ ሠርካዲስ መለሰ፤ ድምፁን ለማለስለስ ሞከረ። «ነጻ ነሽ። ነጠላሽን አስተካክለሽ ወደ ቤትሽ ግቢ። ጫካ ለገባ ሰው ልቅሶ አይፈቀድም፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«ልጄ ጫካ አልገባም» አሉ ወይዘሮ ሠርካዲስ። «አስገባችሁት። አሁን አውጡልኝ።»

ዙሃራ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ቀጥሎ ኢታና ተነሣ።

ገብረየሱስ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሺ አላለም። እምቢም አላለም።

ሻምበል ባሻ ኮፍያቸውን አደረጉ። «በድሉ፣ መኪናው ነዳጅ አለው?»

«አለው።»

«አካፋስ?»

በድሉ አንገቱን ደፋ። «ያኔ የቆፈርንበት አለ» አለ። «ከመቀመጫዬ ሥር ነው። ልጥለው አልቻልኩም።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ከሁሉም ቀድመው ወጡ። ላንድሮቨሩ ውስጥ ከፊት፣ ነጋ ተቀምጦበት በነበረው ቦታ ተቀመጡ። በልደታ ማርያም በኩል ሲያልፉ ተሳለሙ። የመንገዱ ሰው የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፤ ማንም አስተካክይ አላላቸውም።